አዲስ ሃይብሪድ በብድር ወይስ ያገለገለ? ለወንድሜና ለእናንተ

ዛሬ የምጽፈው ስለ ጾም ወይም ስለ በዓል አይደለም፣ ስለ መኪና ነው። "ይሄ ደግሞ ምን አገባው?" እንዳትሉኝ። በሙያ ትምህርት ቤት የተማርኩት የመኪና መካኒክና ኤሌክትሪክ ነው፣ በሠራዊት ያሳለፍኩትም ዘመን ከተሽከርካሪ ጥገና ጋር ነበር። ከዚያም በላይ ጉዳዩ በቤቴ ገብቷል። እኔና ባለቤቴ አሮጌዋን መኪናችንን ልንቀይር ነው። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ከሠራዊት ሊወጣ ጥቂት ወራት ቀርተውታል፣ ዓይኑም አዲስ ትንሽ ሃይብሪድ ላይ አርፏል። ባንክ ብድሩን የሚሰጠው ዋስ ካቀረበ ስለሆነ "ወንድም ጋሼ፣ ዋስ ሁነኝ" ብሎኛል። እንድጽፈው ፈቃዱን ሰጥቶኛል፣ ስለዚህ መልሴን ለእሱም ለእናንተም በአንድ ላይ እጽፋለሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሐሳቤን ከወዲሁ ልናገር። እንደኛ በወር ደመወዝ ለሚኖር ቤተሰብ ከአዲስ ሃይብሪድ በትልቅ ብድር ይልቅ በደንብ የተመረመረ፣ 4 ወይም 5 ዓመት ያገለገለ ሃይብሪድ በትንሽ ብድር ይሻላል እላለሁ። ምክንያቱ የዋጋው ልዩነት ብቻ አይደለም። አዲሱ መኪና 60 ወር ደመወዛችንን አስቀድሞ ይሸጥብናል።

በመጀመሪያ መኪና ለምን? በውጭ ያላችሁ ዘመዶቻችን አንዳንዴ "መኪና ቅንጦት አይደለም ወይ?" ትላላችሁ። ናታኒያ የእኛ ሕዝብ በብዛት ከሚኖርባቸው የእስራኤል ከተሞች አንዷ ናት። ዘመድ ግን ሁሉ እዚህ አልሰፈረም፣ ረሖቮት፣ ቂርያት ማላኺ፣ አሽቀሎን፣ ቤርሼባ፣ አፉላ ተበትኗል። እዚህ አገር ቀብር በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ነው፣ ለቅሶ አውቶቡስ አይጠብቅም። በሻባት አውቶቡስና ባቡር ይቆማል፣ ማታ ሻባት ሲወጣ ፈረቃ የሚገባ ሰው በምን ይሄዳል? እናትና አባት ኩፓት ሆሊም መወሰድ አለባቸው፣ ሐኪሙ የሚለውንም በዕብራይስጥ ሰምቶ በአማርኛ የሚነግራቸው ልጅ አብሮ መሄድ አለበት። እንግዲህ መኪና ለብዙዎቻችን እንደ ጫማ ነው። ጫማ ያስፈልጋል፣ ለጫማ ብሎ እግርን መሸጥ ግን አያስፈልግም።

ሃይብሪድ ለምን? ይህንንም ባጭሩ ላስረዳ። ሃይብሪድ መኪና ቤንዚን ሞተርም ኤሌክትሪክ ሞተርም አለው። ፍሬን ስትረግጡ ኤሌክትሪክ ሞተሩ ጄኔሬተር ሆኖ ባትሪውን ይሞላል፣ ስትነሱ ያንኑ ኃይል መልሶ ይሰጣል። ስለዚህ ጥቅሙ የሚታየው መቆምና መነሳት በበዛበት መንገድ ነው፦ በከተማ ውስጥና ጠዋት ወደ ቴል አቪቭ ሲኬድ በ2 ቁጥር መንገድ መጨናነቅ ላይ። ሌሊት በባዶ አውራ ጎዳና 110 እየበረረ የሚውል ሰው ያን ያህል አያተርፍም። ሙሉ ኤሌክትሪክ መኪናስ? ጥሩ ነው፣ ግን ሐፍፂባንና የመሳሰሉትን የድሮ ሰፈሮች የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ አራተኛ ፎቅ የሚኖርና መኪናውን መንገድ ዳር የሚያቆም ሰው ሽቦ በመስኮት አያወርድም። ተራው ሃይብሪድ መሰካት ስለማያስፈልገው ለእንደዚህ ዓይነት ኑሮ ይስማማል። አዲስ ነገርም አይደለም፣ ቶዮታ ፕሪየስን ጃፓን ውስጥ መሸጥ የጀመረው በ1997 መጨረሻ ነው፣ ትንሹ ያሪስም በሃይብሪድ ከወጣ ከ2012 ወዲህ ነው። ስለዚህ ያገለገለ ሃይብሪድ በገበያ ሞልቷል፣ ጠባዩም ታውቋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። አባቴ "ልጄ፣ መኪና ንብረት ነው" ይላል። አባቴ አልተሳሳተም፣ ያወቀው አገር እንደዚያ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የቆየ ኮሮላ ወይም ቪትዝ የያዘ ሰው ዓመታት ነድቶ ከገዛበት በላይ ሲሸጥ አይተናል። በ2020 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በሚገቡ አሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ፣ በ2024 ደግሞ መንግሥት የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና እንዳይገባ አገደ። ብሩም ከዶላር አንጻር ወርዷል። የሚገባው ሲያንስና ብር ሲረክስ በእጅ ያለው ይወደዳል። እዚህ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በእስራኤል የመኪና መግዣ ታክስ መነሻው 83 በመቶ ነው፣ በ2009 የተጀመረው አረንጓዴ ታክስ አየር ለማይበክሉት ቅናሽ ያደርጋል፣ በዚያ ላይ ከጥር 2025 ጀምሮ 18 በመቶ የሆነው ማዓም ይታከላል። ይህን ሁሉ ከፍላችሁ ያወጣችሁት መኪና ሰሌዳ በተለጠፈበት ቀን "ያገለገለ" ተብሎ ዋጋው መውረድ ይጀምራል። የሌዊ ይጽሐቅ የዋጋ ዝርዝር የሚባለውን ተመልከቱ፣ በየዓመቱ ይቀንሳል፣ ስንት እጅ እንደ ዞረና ስንት ኪሎ ሜትር እንደ ሄደም ይቀንስለታል። እዚህ አገር መኪና ንብረት ሳይሆን ወጪ ነው። ከወጪ ደግሞ ብልሃቱ ትልቁን ቅናሽ ሌላ ሰው እንዲከፍለው ማድረግ ነው።

እስቲ ሒሳቡን እናስላ። ቁጥሮቹ ለማስረዳት የወሰድኳቸው ናቸው፣ እናንተ በራሳችሁ ቁጥር ተኩት።

አዲሱ ትንሽ ሃይብሪድ 130,000 ሼቄል ነው እንበል። በእጃችን 30,000 አለ፣ 100,000 እንበደራለን፣ ወለዱ 7 በመቶ፣ ጊዜው 60 ወር። የወሩ ክፍያ 1,980 ሼቄል ይሆናል። ለ100,000 የምንመልሰው ወደ 118,800 ነው፣ 18,800ው ወለድ ነው።

ያው ዓይነት መኪና 5 ዓመት ያገለገለ 75,000 ነው እንበል። 30,000 የራሳችን፣ 20,000 ከእቁብ ወይም ያለ ወለድ ከሚያበድር፣ የቀረውን 25,000 በ7 በመቶ ለ36 ወር ከባንክ። የባንኩ ክፍያ በወር 772 ሼቄል፣ የ20,000ው መመለሻ በወር 556፣ ድምሩ 1,328 ይሆናል። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን ምንም የለም።

ከአምስት ዓመት በኋላ ሁለቱንም ብንሸጥ? ለእውነት መፍረድ ስላለብኝ ይህንንም አሰላሁት። ያኔ አዲስ የነበረው 75,000 ያወጣል፣ ያገለገለው 40,000 ያወጣል እንበል። ለአሮጌው ተጨማሪ ጥገና 10,000 ጨመርኩበት። እንደዚያም ሆኖ አዲሱ በአምስት ዓመት ውስጥ 26,000 ሼቄል የሚያህል የበለጠ ያስወጣል፣ በወር ከ430 በላይ ማለት ነው። "ይህ ብቻ ነው?" የሚል ይኖራል። አዎ፣ ገንዘቡ ይህ ነው። ሰማይ የሚያህል ልዩነት አለ ብዬ አላጋንንም።

"ነዳጁ ይከፍለዋል" የሚሉ ሻጮችም አሉ። በዓመት 15,000 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው በሊትር 14 ከሚሄድ ወደ 22 ወደሚሄድ ቢቀይር በዓመት 390 ሊትር ያህል ያተርፋል። ሊትሩን 7 ሼቄል ብንለው በወር 230 ሼቄል አካባቢ ነው። 230 መቼ ነው 1,980ን የሚከፍለው? ደግሞም ያገለገለው ሃይብሪድ ያንኑ ነዳጅ ያተርፋል እኮ!

ታዲያ ከገንዘቡ በላይ የሚያስፈራኝ ምንድን ነው? ግዴታው። የ1,980 ክፍያ ሰው ቢታመም፣ ሥራ ቢቆም፣ ልጅ ቢወለድ አይሰማም። ከጥቅምት 7 ቀን 2023 በኋላ ስንቱ ቤት አባወራው ለወራት ሚሉኢም ሄዷል። ባንኮች ለተጠሩት ወታደሮች ክፍያ እንዲያራዝሙላቸው የእስራኤል ባንክ መመሪያ አውጥቶ ነበር፣ መልካም ነው። ሆኖም የተራዘመ እዳ የተሰረዘ እዳ አይደለም፣ ሰውየው ሲመለስ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል። ወለዱም ባለበት አይቆይም። እስከ ሚያዝያ 2022 መጀመሪያ የእስራኤል ባንክ ወለድ 0.1 በመቶ ነበር፣ በግንቦት 2023 4.75 በመቶ ደረሰ። በኋላ በትንሽ በትንሹ ቢወርድም ወደ ድሮው አልተመለሰም። ፕራይም የሚባለው በዚያ ላይ 1.5 የተጨመረበት ነው፣ ብድራችሁ በፕራይም የታሰረ ከሆነ ክፍያችሁ ከእሱ ጋር ይወጣል ይወርዳል። የሚያዘው መኪናም ቢሆን እዳው እስኪያልቅ ሺዕቡድ አለበት፣ ማለትም ለአበዳሪው መያዣ ሆኖ ተመዝግቧል። ቁልፉ በእኛ ኪስ ነው፣ መኪናው ግን የባንክ ነው።

ከሁሉ ደግሞ "ባሎን" ከሚባለው ብድር ተጠንቀቁ። ወንድሜን የማረከው እሱ ነው። ሻጩ "በወር 1,280 ብቻ!" ይለዋል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ከ100,000ው ግማሹን ብቻ በ60 ወር ትከፍላለህ፣ የሌላኛውን 50,000 ወለዱን ብቻ ትከፍላለህ፣ ዋናው እስከ መጨረሻው ይቀመጣል። በአምስተኛው ዓመት መጨረሻ 50,000 ሼቄል በአንድ ቀን አምጣ ትባላለህ። የወሩ ክፍያ 700 ያህል ቀነሰ፣ ወለዱ ግን ከ18,800 ወደ 26,900 ወጣ። 50,000 ከሌለህ መኪናውን ትመልስና ሌላ አዲስ በሌላ ብድር ይሰጡሃል። እንዲህ እያለ ሰው ዕድሜ ልኩን አዲስ መኪና እየነዳ ዕድሜ ልኩን ባለ እዳ ሆኖ ይኖራል።

አዲስ የሚገዙ ሰዎችን ግን አልነቅፍም። ያላቸው ምክንያት እውነት ነው። አዲስ መኪና የአምራቹ ዋስትና አለው፣ ወደ ጋራዥ ምልልሱ ያንሳል፣ ራሱ ፍሬን የሚይዝና ከመስመር ሲወጣ የሚያስጠነቅቅ መሣሪያው የዘመኑ ነው። በሌሊት ብቻዋን ከሆስፒታል ፈረቃ የምትመለስ እህት መንገድ ላይ እንዳትቆም መፈለጓ ተገቢ ነው። ስለ መኪና የሚያውቅ ዘመድ የሌለው ሰውም በሻጭ እንዳይታለል ይፈራል። ስለዚህ ከዋጋው አብዛኛውን በእጁ ለያዘ፣ መኪናውን 10 ዓመት ሊነዳው ለወሰነ፣ ክፍያው ደመወዙን ለማይጎዳበት ሰው አዲሱን ይግዛ፣ እንኳን ደስ ያለህ እለዋለሁ። የእኔ ክርክር በእጁ ምንም ሳይኖር "በወር ይሄን ያህል ብቻ" በሚል ቃል ለሚገባ ሰው ነው።

ሃይማኖታችንስ ምን ይላል? ኦሪት ከወንድም ላይ ወለድ መውሰድን እንደምትከለክል ከቄሶቻችን የሰማነው ነው። እዚህ አገር ባንኮች ሄተር ዒስቃ በሚባል ውል፣ ብድሩን እንደ ሽርክና ንግድ በማድረግ፣ እንዲሠሩ ረቢዎች ፈቅደዋል። እኔ ረቢ አይደለሁም፣ በፈቃዱ ላይ አልፈርድም። ነገር ግን ክልከላው ለምን እንደ ተሰጠ ማሰብ ይገባናል፦ የቸገረው ሰው ችግሩ ለሌላው መክበሪያ እንዳይሆን ነው። መጽሐፈ ምሳሌም ለሌላ ሰው እዳ በችኮላ ዋስ መሆንን ደጋግሞ ያስጠነቅቃል። ከዚያው እምነት የወጣ መልካም ነገርም አለ፦ ገማኽ፣ ያለ ወለድ የሚያበድር ማኅበር። በብዙ ምኩራቦች አለ። ትልቁም በ1990 በኢየሩሳሌም በፕሮፌሰር ኤሊዔዘር ያፌ የተመሠረተው፣ ዛሬ ኦገን የሚባለው ነው፤ ሲጀመር ከሶቪየት ኅብረትና ከኢትዮጵያ ለመጡ ስደተኞች ያበድር ነበር። ለምን ለምን ጉዳይ እንደሚያበድሩ ሄዳችሁ ጠይቁ። እናቶቻችን ይዘውት የመጡት እቁብም አለ። በእቁብ ወለድ የለም፣ ዋሱ መተማመን ነው፣ ስለዚህ ከምታውቋቸው ጋር ብቻ ግቡ።

የግድ ከባንክ ወይም ከሌላ አበዳሪ የምትበደሩ ከሆነ ሁለት ነገር እወቁ። በ2019 ሥራ ላይ የዋለው የፍትሐዊ ብድር ሕግ ለወለድ ጣሪያ አበጅቷል፣ ከእስራኤል ባንክ ወለድ በላይ 15 በመቶ ነው። ጣሪያው ራሱ በጣም ከፍ ያለ ስለሆነ "ሕጋዊ ነው" ማለት "ርካሽ ነው" ማለት አይደለም። በዚያው ዓመት የእስራኤል ባንክ የብድር መረጃ ቋት ከፍቷል፣ ማንም ሰው የራሱን ሪፖርት በዓመት አንድ ጊዜ በነጻ ማግኘት ይችላል። ከመበደራችሁ በፊት አውጡት። ሁለትና ሦስት ቦታም ጠይቁ፣ የመኪና ሻጩ የሚያቀርበውን የመጀመሪያ ብድር አትፈርሙ።

አሁን በሙያዬ ልምከራችሁ። ያገለገለ ሃይብሪድ ስትገዙ እነዚህን አትዝለሉ።

አንደኛ፣ ቀን ላይ እዩት፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ አስነሱት። ሻጩ አስቀድሞ አሙቆት ከጠበቃችሁ ለምን ብላችሁ ጠይቁ።

ሁለተኛ፣ ከሻጩ ጋር ግንኙነት በሌለው ፈቃድ ባለው የመመርመሪያ ተቋም አስመርምሩት። የተጋጨ አካል፣ በተለይ ሻሲው የተነካ ከሆነ ዋጋው ቢረክስም ተዉት።

ሦስተኛ፣ ትልቁን ባትሪ በኮምፒውተር አስለኩ። ባትሪው ከብዙ ክፍሎች የተሠራ ነው፣ በክፍሎቹ መካከል ያለው የቮልቴጅ ልዩነት ሰፊ ከሆነ እያረጀ ነው። አንዳንድ አምራቾች ለዚህ ባትሪ ከሌላው አካል የረዘመ፣ እስከ 8 ዓመት የሚደርስ ዋስትና ይሰጣሉ፣ ወረቀቱን ጠይቁ።

አራተኛ፣ በብዙ ሃይብሪዶች የባትሪው ማቀዝቀዣ አየር የሚገባው በኋላ ወንበር አጠገብ ካለ ቀዳዳ ነው። በባሕር ዳር አሸዋ፣ በአቧራና በውሻ ፀጉር ይደፈናል፣ ባትሪው ይግላል፣ ዕድሜው ያጥራል። ቀዳዳውን በእጅ ባትሪ አብርታችሁ እዩት፣ የባለቤቱን ጥንቃቄ ከዚያ ታውቃላችሁ። ከገዛችሁ በኋላም አጽዱት፣ ዕቃ አትደርድሩበት።

አምስተኛ፣ የአገልግሎት ደብተሩን ከኪሎ ሜትሩ ጋር አመሳክሩ። ከሊዚንግ ኩባንያ የወጣ መኪና ዋጋው ይቀንሳል፣ አገልግሎቱ በሰዓቱ ተመዝግቦ ከሆነ መጥፎ አይደለም፣ ብዙ ሰው ስለነዳው ግን ጠንከር አድርጋችሁ መርምሩ።

ስድስተኛ፣ ሺዕቡድ እንዳለበት በፍትሕ ሚኒስቴር የመያዣ መዝጋቢ ዘንድ አጣሩ። ስም ሳይዛወር ገንዘብ በሙሉ አትስጡ።

ሰባተኛ፣ ከመግዛታችሁ በፊት የኢንሹራንሱን ዋጋ ጠይቁ። ሌባ የሚወዳቸው ሞዴሎች ላይ ተጨማሪ መከላከያ ግጠሙ ይላሉ፣ ይህም ወጪ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ፣ እሱም ይሉኝታ ነው። "ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር" ይላሉ አባቶቻችን። አንዱ አዲስ ገዛ፣ ሌላው "ከእሱ በምን አንሳለሁ?" ይላል። ሠርግ ላይ መኪና ማቆሚያው የውድድር ሜዳ ሆኗል። በጎንደርና በአዲስ አበባ ያላችሁ፣ ገና ወደዚህ የመምጣት ተራችሁን የምትጠብቁ ዘመዶቻችን፣ አዲስ መኪና አጠገብ ቆሞ የተነሳ ወጣት ፎቶ ስታዩ "ከበረ" አትበሉ፣ መኪናው በ60 ወር እዳ የተያዘ ሊሆን ይችላል። እናንተም ከዚህ የምትልኩ፣ በወር የሚቀረውን ያን 650 ሼቄል አስቡት፤ ለአክስት የሚላክ ቀለብ፣ ለልጅ የሒሳብ አስጠኚ፣ ለቤት መግዣ የሚጠራቀም ነው።

እንግዲህ ወንድሜ ሆይ፣ መልሴ ይኸውልህ። ከሠራዊት ስትወጣ ወደ ሒሳብህ የሚገባውን ማዓናቅ አለህ። ፒቃዶን የሚባለው ደግሞ ለትምህርት፣ ለሙያ ሥልጠና፣ ለጋብቻ፣ ለንግድ፣ ለቤት፣ ለመንጃ ፈቃድ ነው የሚወጣው፣ ከ5 ዓመት በኋላ ካልሆነ ለፈለግከው አይለቀቅም። ሕጉ መንጃ ፈቃድ ፈቅዶ መኪና መከልከሉ ብልህነት ነው፣ መንዳት ተማር፣ እዳ ግን አትማር ማለት ይመስለኛል። ለአዲሱ መኪና ብድር ዋስ አልሆንልህም። ስለማልወድህ አይደለም፣ በ22 ዓመትህ አንገትህ ላይ ቀንበር ሲጫን ጫፉን ልይዝልህ ስለማልፈልግ ነው። ነገር ግን ባዶ እጄን አልመልስህም። የእቁብ ዕጣዬ ሲደርሰኝ 20,000ውን ያለ ወለድ አበድርሃለሁ፣ መሣሪያዬን ይዤም መኪና ልናይ አብረን እንዞራለን። እኔና ባለቤቴም የምንገዛው ያገለገለ ነው፣ ምናልባት ሁለቱን በአንድ ቀን እናስመረምራቸዋለን።

አንባብያን ሆይ፣ የተለየ ሐሳብ ያላችሁ ጻፉልኝ፣ አዲስ ገዝታችሁ የተጠቀማችሁም ካላችሁ ሒሳባችሁን አካፍሉን። መንገዳችሁን ፈጣሪ ይጠብቀው። ቸር ይግጠመን፣ ሻሎም!